የካፒቴኑ ወገብ

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ሳጥኑ ዛሬ ተከፈተ። ሃያ ሰባት ዓመት ተዘግቶ የኖረ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ቁልፉ ስለጠፋ በመዶሻ ሲመቱት እኔ ከኋላ ቆሜ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ሰው አለበት!» ብዬ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ሁሉም ዞረው ሲስቁብኝ ነው።

ነጩ የጠፈር ልብስ ተጣጥፎ ተኝቷል። ነጭ ነበር ልበል እንጂ፣ አሁንማ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል። የግራ ጉልበቱን ገልብጬ ገበሩን አየሁ። የራሴ ስፌት! ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ነጩ ክር አልቆብኝ በግራጫ የጨረስኩት ቦታ ሳይቀር እንዳለ ነው። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ስለ ፊልሙ ለማንም እንዳንናገር አስፈርመውናል፣ እኔ ደግሞ ነገር በሆዴ አይቀመጥም። «ጎህ» የሚባሉት ሦስት ፊልሞች የተሠሩት እዚሁ ስቱዲዮ ነው። ጎህ የመርከቧ ስም ነው። በሦስተኛው መጨረሻ ካፒቴኑ ባልደረቦቹን ሁሉ በትንሿ ጀልባ ያሳፍርና «ሂዱ፣ እከተላችኋለሁ» ይላቸዋል። አይከተላቸውም። ከመርከቧ ጋር ብቻውን ወደ ጨለማው ይሄዳል። ሰው እያለቀሰ ከሲኒማ ቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ሞቷል፣ አልሞተም» ሲባል ኖረ። አሁን አራተኛው ሊሠራ ነው። አልሞተም! የሚጫወተውም ያው ራሱ ሰውዬው ነው፣ በሰባ አንድ ዓመቱ። ስሙን ትተን ካፒቴን ነው የምንለው፤ ነፍሷን ይማርና ሚስቱም እንደዚያው ነበር የምትጠራው። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ላይ ግን «እሱ» ነው፣ ማን ሊሰማኝ።

እራት ላይ ለአማቼ ሳጥኑ መከፈቱን ብቻ ነገርኩት። የልጄ ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ትልቅ ሰው፣ ፂም ያለው። ሹካውን አስቀመጠና «እማማ፣ ነኩት?» አለኝ። «በዚህ እጅዎ?» እጄን ሊስመው ምንም አልቀረው። ልጄ «አንተ ሰውዬ፣ ብላ!» አለችው።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ካፒቴን ለልክ መጣ።

በኛ ቤት እያንዳንዱ ተዋናይ የልክ ካርድ አለው። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ በእርሳስ እጽፍና ግልባጩ ምድር ቤት ላለው ወርክሾፕ ይሄዳል። እነሱ ሰውዬውን አያዩትም። ካርዱን አምነው ሁለተኛውን ልብስ ይሰፋሉ፤ ሁለተኛው በገመድ ለሚንጠለጠልበት ትዕይንት ነው።

በአሮጌው ካርድ ወገቡ 98 ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የበላውን አስቤ ለማስፊያ የሚሆን ጨርቅ ቆርጬ ጠበቅሁት። ሜትሩን ሳዞረው 92። ደገምኩት፣ 92።

«ሰው ሲያረጅ ይሰፋል እንጂ ይጠባል እንዴ?» አልኩት።

«በየጠዋቱ እራመዳለሁ እኮ፣ እቴ መርፌ።»

እቴ መርፌ! አልረሳውም። ያኔም እንደዚህ ነበር የሚለኝ።

ልብሱን አለበስኩት። እንግዲህ ይህን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የገባው ጀርባው የጎበጠ፣ ሲቀመጥ «እህህ» የሚል ሽማግሌ ነው። ዚፑን ከእምብርቱ ጀምሬ ስስብ፣ ስስብ፣ አንገቱ ጋ ስደርስ ትከሻው ተነሣ፣ አገጩ ቀና አለ፣ ዓይኑ እኔን አልፎ ሄደ። የት እንደሚያይ ለማወቅ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነበር። አለቃዬ፣ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ የምትዞረው ደረቋ ሴት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አየሁሽ፣ ብያለሁ በልቤ። እኔም አፍንጫዬን ተናፈጥኩና ጉንፋን ነው አልኩ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ቀረጻ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

መርከቧን እንደ ድሮዋ አድርገው ሠርተዋታል። ኮምፔንሳቶ መሆኑን አውቃለሁ። አናጢዎቹ ሲቆርጡት መጋዙ ራሴን ሲበጠብጠኝ ነው የሰነበተው። ከኋላ ብትዞሩ ሚስማሩ ይታያል። ታዲያ መብራቱ ሲበራ! መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ያቺ ከወለሉ ሥር የምትወጣዋ ብርቱካናማ።  ኤሌክትሪሻኑ ኮፍያውን አወለቀ። ሚስማሩን የመታው አናጢ ራሱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ዳይሬክተሩን «ጨቅላው» ነው የምንለው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ፊልም በስድስት ዓመቱ አይቶ ነው ይህን ሥራ የመረጠው። «ጀምሩ!» ማለት ነበረበት፤ ድምፁ አልወጣ አለው። ካፒቴን ራሱ «እንጀምር፣ ልጄ» አለውና ተራመደ።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ወገብ 89። ሆዱን ሲነፋ ያዝኩት። እኔን! አርባ ዓመት ሰው የለካሁትን! ሰው ሆዱን ሲስብ እንጂ ሲነፋ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ካልሆነ።

ያን ለምን ጻፍኩት። ይለፍ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ደረጃው ሥር ቁልፍ ስለቅም (የቁልፍ ቆርቆሮው ተገልብጦብኝ) ፕሮዲዩሰሩና ጨቅላው ከላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። አላዳመጥኩም፣ ጆሮዬ ነው የቆመው።

«ሰውዬው ደክሞታል። ዛሬ ሁለቴ ተቀመጠ።»

«ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።»

«ከታመመ አንቆምም። ፊቱን በኮምፒውተር ወስደነዋል፣ ሙሉው አለን። ጠንካራ ሰው እናለብስና ፊቱን እንለጥፋለን። ማንም አይለይም።»

ጨቅላው ዝም አለ። ዝምታው አላማረኝም።

ቁልፎቹን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ማንም አይለይም? እኔ እለየዋለሁ። ካፒቴን ሲራመድ ቀኝ ተረከዙን ትንሽ እንደሚጎትት፣ ልብሱ እዚያ ጋ ቶሎ እንደሚያልቅ ኮምፒውተሩ የት አይቶት።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ካርድ የሚላክበት ቀን ነው። 86።

ሜትሩን ከወገቡ ሳላነሣ ቆምኩ። እሱም ቆመ። በሩን አየና ዘጋው።

«ሰምተሻል አይደል?» አለኝ። «ፊቴን ሊለጥፉት ነው።»

«ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ካፒቴን።»

«እሄዳለሁ። ይህ ሥራ ባለቀ ማግስት። እቴ፣ ያኔ እኮ እከተላችኋለሁ ብዬ ነው የቀረሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አሁን ስመጣ በሌላ ሰው ገላ ልምጣ? በቁሜ?»

ምን ልበል! እምቢ ማለት አቃተኝ፣ ያውም እኔ፣ ሰው ሲለምነኝ አንጀቴ የማይችል። ስፖንጅ ቆረጥኩ። ሁለት ከሆዱ፣ ሁለት ከጎኑ፣ ገበሩ ውስጥ አስገብቼ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በእጄ ወጋሁት። ጨርሼ ከመስታወቱ ፊት ሳቆመው የመጋቢት መጀመሪያው ካፒቴን ነው። እውነት ለመናገር ኮራሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

ካርዱ ላይ 92 ጻፍኩ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

ምሳ ላይ። አማቼ ስለ ወፍራም ተሳፋሪዎቹ እየቀለደ ነበር። ልጄ ሳቅ አለችና፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ «አባዬ እኮ መክሳቱን ማናችንም አላወቅንም። ሱሪው እስከ መጨረሻው ልኩ ነበር። እኔ ያወቅሁት ሆስፒታል ፒጃማ ሲለብስ ነው» አለችው።

ሳህኔን አነሣሁና ወደ ኩሽና ሄድኩ። ሳህኑ ገና ምግብ ነበረበት።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ስፖንጅ ጨመርኩ። ትከሻው ላይም። አንገቱ ቀጥኖ ኮሌታው ስለቆመ ኮሌታውን አጠበብኩት። አለቃዬ «ጎበዝ፣ ምንም አልተለወጠም» አለችኝ። ምስጋና ስታወጣ ሁለተኛዋ ነው በሃያ ዓመት። ደስ አላለኝም።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

83። ካርዱ ላይ 92።

ዛሬ ግን ምን አየሁ! ካፒቴን ባዶዋ መርከብ ውስጥ ብቻውን የሚናገርበት ነው። አራት ወንበር አለ፤ የሄዱት ባልደረቦቹ ወንበር። በየተራ እያያቸው የቀኑን ሥራ ያከፋፍላቸዋል። «አንተ ሞተሩን እይልኝ። አንቺ እረፊ፣ ሌሊት ቆመሻል።» ለሃያ ሰባት ዓመት በየጠዋቱ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል ማለት ነው። የሚመልስለት የለም። ሦስተኛው ወንበር ጋ ሲደርስ ቆመና እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ፣ ትከሻ እንደሚነካ ሰው። ጨቅላው «ይብቃ» ማለት ረስቶ ካሜራው ዝም ብሎ ሲሄድ ቆየ። የድምፅ ሠራተኛችን፣ ጡንቸኛው፣ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ።

እጁ ወንበሩ ላይ ያረፈው ለትወና አይመስለኝም። ደግፎት ነው። ጉልበቱ ከድቶት። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

ገመዴ ዛሬ ወደኛ ክፍል መጣ። ገመዴ የምንለው ሰዎችን በገመድ የሚያንጠለጥለውን ባለሙያ ነው። ትልቅ ሰውዬ፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ከገመዶቹ ጋር የሚያወራ። ሁለተኛውን ልብስ በክንዱ ይዞ ነው የመጣው።

«ታች ያሉት ጨርሰዋል» አለኝ። «ቀበቶው ገበሩ ውስጥ ተሰፍቶ ነው ያለቀው፣ ካሜራ እንዳያየው። ወገቡን፣ ታፋውን፣ ደረቱን በካርዱ ልክ። ለሙከራ በእሱ ቦታ የሚቆመውን ተተኪ አንጠልጥዬ ሞከርኩት፣ እሱም 92 ነው። እንደ ቆዳው ነው የያዘው። ዓርብ ካፒቴንን አወጣዋለሁ።»

«ምን ያህል ከፍታ ነው?»

«ሦስት ፎቅ። ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቄ።»

ልብሱን ተቀብዬ ገበሩን ዳበስኩት። ማሰሪያው ወፍራም ነው፣ በአራት መስመር ተሰፍቷል፣ የሚስተካከልበት ዘለበት የለውም። 92። በኔ እጅ ጽሕፈት የተላከ 92።

«ጥሩ ሥራ ነው» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ጥሩ ሥራ ነው!

ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

ለካፒቴን ነገርኩት። «ስፖንጅ ጨምሪበታ» አለኝ፣ እየሳቀ።

የምሳ ሰዓት በሩን ቆልፌ ሞከርኩት። ስፖንጁን በማሰሪያው ውስጥ አስገብቼ በሁለት እጄ ጨመቅሁት። ጠፋ። መዳፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነ። ስፖንጅ ዓይንን ያታልላል እንጂ ሰው አይሸከምም።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

ልጄና ባሏ ተኝተዋል። እኔ አልተኛሁም። ይህን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ባለቤቴ በሞተበት ዓመት መክሳት ሲጀምር ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ በቀበቶው። አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሌላ። ሱሪው ወረደብኝ እያለ ይነጫነጭ ጀመር፤ አንድ ጊዜ ሆዱን ነፍቶ ሊያቆመው ሲሞክር አየሁት። ፈራ። ሲፈራ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ሥራ ሲወጣ ሱሪዎቹን እያነሣሁ አጠበብኩለት። ሁሉንም፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንዳያውቅ። በአምስት ወር አምስት ጊዜ። አንድ ጠዋት ቀበቶውን አሰረና «አየሽ፣ መክሳቴ ቆመ!» አለኝ። ፊቱ በራ። ለሐኪም የያዘውን ቀጠሮ ሰረዘው። እኔም ቁርስ አቀረብኩለት።

ሐኪሙ በኋላ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ነው ያለን። ልጄ ስታለቅስ እኔ የጥፍሬን ዙሪያ እያየሁ ነበር፤ መርፌ ወጋግቶት ነበር።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ አጠበብኩ፣ አሁን አሰፋሁ። ያው እጅ ነው። ደግ ሰው ነኝ እላለሁ እኮ ለራሴ!

አንድ ሱሪውን አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ አውጥቼ አየሁት። ጨርቅ መርፌ ካለፈበት ቀዳዳው አይጠፋም፤ አምስቱም መስመር ይታያል።

ነገ እናገራለሁ። ካፒቴን አይቀየመኝም ብዬ አይደለም። ይቀየመኛል።

ሚያዝያ 25፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ስደርስ አልብሰውታል። ማሰሪያውን ከጀርባው ከገመዱ ጋር ሊያያይዙ ነው።  «ገመዴ፣ አቁም! ካርዱ ውሸት ነው!» አልኩ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

ገመዴ ምንም አልጠየቀኝም። ዚፑን አወረደና እጁን በማሰሪያውና በካፒቴን ወገብ መካከል ሰደደ። ጡጫው እስከ አንጓው ገባ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ከንፈሩ ነጣ። ገመዱን ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ ብሎ።

«እቴ» አለኝ ካፒቴን። መርፌ የምትለዋን ተዋት።

«ወገብዎ 81 ነው» አልኩት። «ከመጋቢት ጀምሮ አሥራ አንድ ወርዷል። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስፖንጁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በፊትም ሠርቼዋለሁ፣ ሰው ሞቶብኛል።» ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አለቃዬ በኋላ እንደነገረችኝ ብዙ ነገር ብያለሁ።

ፕሮዲዩሰሩ ስልኩን አውጥቷል። ጨቅላው ግን ወደኔ መጣና «የመጀመሪያውን ልብስ አምጪው። ስፖንጁን አውጪው፣ እዚሁ» አለኝ። ሁሉም ፊት ገበሩን ቀደድኩ። ሰባት ቁራጭ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ባንድ አስቀመጥኳቸው፤ እንዲህ ያለ ውርደት ለጠላቴም አልመኝም። ካፒቴን ለበሰው። ልብሱ ሰፋበት። ከትከሻው ወርዶ፣ ሆዱ ላይ ተሸብሽቦ፣ አንገቱ ከኮሌታው መሃል እንደ ልጅ አንገት ወጥቶ። 

ጨቅላው ዞረው። አንዴ፣ ሁለቴ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ምን ዓይነት ጅል ነኝ» አለ። «ሃያ ሰባት ዓመት ጨለማ ውስጥ ብቻውን የኖረ ሰው፣ እንደሄደ ሆኖ ይመጣል እንዴ? ልብሱ እኮ እንዲህ ሊሰፋው ነው የሚገባ!»

ፕሮዲዩሰሩ «ኢንሹራንሱ...» ሲል፣ «ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ይሄዳል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ እንጠብቃለን። ፊቱን ብቻ አልቀርጽም» አለው። ጨቅላው ነው እንዲህ ያለው! ያ ዝም ብሎ የነበረው።

ካፒቴን ሲወጣ አላየኝም። በአጠገቤ አልፎ ሄደ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ወሬ የለም። ሥራ ቆሟል። ቁልፍ በቀለም በቀለሙ ለየሁ። ከዚያ መልሼ ደባለቅሁትና እንደገና ለየሁ።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ደወለ። ራሱ።

«ሆዴ ውስጥ እንግዳ አለ» አለኝ። «የዛሬ ሳምንት ያወጡታል። አንድ ቀን ብቻ ሥራ ፈቅደውልኛል፣ በእግሬ ቆሜ፣ ያለ ገመድ። ገመዱ ላይ ተተኪው ይንጠልጠል።»

«ይቅርታ ልልዎት አልችልም» አልኩት።

«እኔስ መቼ ጠየቅሁሽ። ሐኪሙ በስንት ሳምንት ውስጥ እንደከሳሁ ሲጠይቀኝ መመለስ አቃተኝ። ልብስ ሰፊዬን ጠይቃት አልኩት።»

ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች ከነቀናቸው በዚህ ደብተር ጽፌያቸው ስለነበር አነበብኩለት። እሱ እየደገመ ለሐኪሙ ጻፈ። ስልኩን ሲዘጋ «በይ ደህና ዋይ፣ መርፌ» አለኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ጅል።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

ዛሬ ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ጠዋት ሳለብሰው እጄ እንደ ልማዱ ወደ መርፌው ሄደ። መለስኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ያልሆነ ልብስ ሆን ብዬ ለካሜራ ለቀቅሁ። ዚፑን ብቻ ሳብኩለት።

የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ጎህን ያገኟታል። ያገኟት ሰዎች እሱ በጀልባ ያሳፈራቸው አይደሉም፤ የእነዚያ ልጆች ናቸው። ከበሩ ውጭ ቆመዋል፣ አምስት ወጣቶች። በሩ (ኮምፔንሳቶ ነው፣ አውቃለሁ!) ቀስ ብሎ ይከፈታል። ያቺ ብርቱካናማ መብራት ከኋላው። መጀመሪያ የሚታየው ልብሱ ነው፤ ሰፊ፣ የተሸበሸበ፣ ሰው ያለበት የማይመስል። ከዚያ ፊቱ። ያን ሁሉ ዓመት ወገቡ ላይ አየሁት። ማንም ሳይነግረኝ ስንት ጊዜ ብቻውን እንደበላ፣ ስንት ጊዜ እንዳልበላ አየሁ። ጀርባው ግን ቀጥ ብሏል። አምስቱን አንድ በአንድ አያቸው፤ በፊታቸው ላይ የወላጆቻቸውን ፊት ሲያገኝ ታውቆኛል። አንዷን ልጅ ሲያያት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ቆየሁባችሁ?» አላቸው።

ሌላ ቃል የለውም። ይኸው ነው።

ልጅቷ መመለስ ነበረባት፣ ቃሏ ጠፋባት። ሄዳ አቀፈችው። ስታቅፈው ልብሱ በእጇ ውስጥ ተሰበሰበ፣ እሷም ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ እውነት ነው። ገመዴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያ ዝምተኛ እጄን ያዘኝና አልለቀቀኝም። ጨቅላው መሬት ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት ከካሜራ ኋላ ስኖር እግዚአብሔር ያሳየኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እጄን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል። እንግዳውን ካወጡለት አንድ ሳምንት ሆኖታል። ትራሱን ደግፎ ሾርባ ይጠጣል፣ ጨው የለውም እያለ ያማርራል። ሐኪሙ በር ላይ ደረሰብኝ።

«ልብስ ሰፊዋ እርስዎ ነዎት? በጊዜ ነው የመጣው» አለኝ።

ግድግዳውን ያዝኩ። በጊዜ። ይህን ቃል ለሰው ሲሉት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ካፒቴን «በይ ለኪኝ» አለኝ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር፣ ሳላወልቀው ነው በአውቶቡስ የመጣሁት። 78። «ጻፊው» አለኝ፣ «እንዳለ»። እንዳለ ጻፍኩት።

ግንቦት 25፣ እሑድ

ልጄን ነገርኳት። ሱሪውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ አምስቱን መስመር አሳየኋት፣ ቀጠሮውን እንደሰረዘ ነገርኳት። አማቼ ተነሥቶ ወጣ፤ ብልህ ልጅ ነው።

ልጄ ሱሪውን ወደ ራሷ ሳበችው። መስመሮቹን በጣቷ ሄደችባቸው። አለቀሰች። ልትነካኝ አልፈለገችም፣ እኔም አልቀረብኳትም። ምሳውን ሳትበላ መኝታ ቤቷ ገባች። እኔ ሱሪው ፊት ተቀመጥኩ። ይሁን፣ አልኩ። ይህም ይገባኛል።

ወደ ማምሻው ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አነሣችው።

«ተነሽ» አለችኝ።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ተነሽ እማዬ። እጅሽን አንሺ።»

አነሣሁ። ሜትሩን በወገቤ ዙሪያ አዞረችው። አያያዟን አታውቅበትም፣ ትንሽ አጠበቀችብኝ፣ አላረምኳትም። ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ ስትል ፀጉሯ ሆዴን ነካኝ።

«በየወሩ ነው» አለች። «አንቺ ለራስሽ አትጽፊም። እኔ ነኝ የምጽፈው። የት ነው የሚጻፈው?»

ካርድ አልነበረኝም። ይህን ደብተር ከፍቼ ሰጠኋት። ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

እማዬ። ወገብ 84። ግንቦት 25።